ለአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ቃላት አጠናን፦ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የ12 ሳምንት ዝርዝር መመሪያ

ለአይኤልትስ፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛው ፈተና፣ መዘጋጀት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያወርደው ነገር ረጅም የቃላት ዝርዝር ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ። እንደዚያ የተሸመደደ ቃል ምንባብ ላይ ሲገኝ ይታወቃል። ድርሰት መጻፍ ሲጀመር ግን አይወጣም፤ ቢወጣም አብሮት ከማይሄድ ቃል ጋር ተጎራብቶ ይወጣል። ጽሑፍና ንግግር ላይ ነጥብ የሚያስጥለውም ይኸው ነው። እዚህ የምናቀርበው አሠራር በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ቃሉን ብቻውን አትያዙት፤ ከሚከተለው መስተዋድድ፣ ከሚጎራበተው ቃልና ከትክክለኛ አጻጻፉ ጋር አንድ ላይ ያዙት። በዚህ መንገድ በቀን የሚያዘው ቃል ጥቂት ነው፤ የተያዘው ግን ፈተና ክፍል ውስጥ ይሠራል።

ፈተናው ከቃላት በኩል የሚፈልገው

ማዳመጥ 40 ጥያቄ ሲሆን 30 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ማንበብ 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ በአካዳሚክ ዓይነቱ ሦስቱ ምንባቦች በድምሩ ከ2,150 እስከ 2,750 ቃላት ይሆናሉ። ጽሑፍም 60 ደቂቃ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት ይጠይቃል፣ የሁለተኛው ክብደት ደግሞ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ንግግር ከፈታኝ ጋር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይካሄዳል።

በጽሑፍና በንግግር ነጥብ የሚሰጠው በአራት መስፈርት ሲሆን አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው፤ ድርሻው 25 በመቶ። በማዳመጥና በማንበብ ደግሞ ቃላት የሚያስፈልጉት በሌላ መልኩ ነው፤ ቃሉን ብታውቁትም አንድ ፊደል ከተሳሳተ መልሱ ስህተት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቃላቶቻችሁን ለሁለት ክፈሉ። አንደኛው ሲመጣ የምትለዩት ቃል ነው፣ ሁለተኛው ራሳችሁ የምታወጡት። የምታወጡት ቃል ብዛት ከምትለዩት በጣም ያነሰ ይሆናል፤ ይህ የማንኛውም ተማሪ ተፈጥሮ ስለሆነ አያሳስባችሁ። ስህተቱ ሁሉንም ቃል በአንድ ዓይነት ጥልቀት ለማጥናት መሞከር ነው።

መጀመሪያ ያላችሁን ለኩ

አንድ የልምምድ ምንባብ ውሰዱና 200 ቃላት ቆጥራችሁ ከፍላችሁ አስቀምጡ። ያለ መዝገበ ቃላት አንብቡ፤ የማታውቁትን እያንዳንዱን ቃል አስምሩበት። ያሰመራችሁት 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከምንባቡ 98 በመቶውን ታውቃላችሁ ማለት ነው፤ የቋንቋ ተመራማሪዎች ጽሑፍን ያለ ድጋፍ በምቾት ለማንበብ የሚያስፈልገው ይህ መጠን ነው ይላሉ። ከ5 እስከ 10 ከሆነ ቀጥታ ወደ አካዳሚክ ቃላት መግባት ትችላላችሁ። ከ10 በላይ ከሆነ ግን መሠረቱ ገና ነው፤ 12 ሳምንቱን ከመጀመራችሁ በፊት በጣም በሚዘወተሩት 2,000 የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አሳልፉ። ይህን ደረጃ መዝለል የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ አንድ አካዳሚክ ቃል ለመረዳት የሚነበበው ማብራሪያ ራሱ በእነዚያ 2,000 ቃላት የተጻፈ ነውና።

ሁለተኛው ልኬት አጭር ነው። «አውቃቸዋለሁ» የምትሏቸውን 10 ቃላት ምረጡና ምንም ሳታዩ ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ካሉት የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች ጋር አስተያዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከ10 አራቱን ወይም አምስቱን በትክክል ቢጽፍ ነው። የጽሑፍ ነጥብ የሚነሣው በዚህ ክፍተት ላይ ሲሠራ ነው።

የትኞቹን ቃላት?

በኒውዚላንድ ዌሊንግተን በሚገኘው ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ለዚህ ፈተና እስካሁን ጥሩ መነሻ ነው። 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነግሡ፣ ከነስሙና ከሌሎች መልኮቹ ጋር) አሉት፤ የተሰበሰቡትም 3.5 ሚሊዮን ቃላት ካለው የአካዳሚክ ጽሑፍ ክምችት ነው። ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ገደማ የሚሸፍኑት እነዚህ ናቸው። ዝርዝሩ በ10 ንዑስ ክፍሎች ተከፍሏል፤ በመጀመሪያው ክፍል ያሉት 60 ቤተሰቦች ከሁሉም በላይ የሚዘወተሩት ናቸው። አጠናኑ ከክፍል 1 ወደ ክፍል 10 ይሁን እንጂ ከኤ ወደ ዜድ አይሁን።

የፊደል ተራ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ ብርቅ የሆነው ቃል ከሚዘወተረው በፊት ይመጣል። ሁለተኛው ይብሳል፤ መልካቸው የሚመሳሰል ቃላት ጎን ለጎን ስለሚጠኑ አንጎል ውስጥ ይደባለቃሉ። «አዳፕት» (ራስን ከሁኔታ ጋር ማስማማት) እና «አዶፕት» (አሠራር መቀበል፣ በጉዲፈቻ መውሰድ) በአንድ ቀን ከተጠኑ ለወራት ሲምታቱ ይኖራሉ። በፊደል ተራ የተዘጋጁ ወፍራም የቃላት ጥራዞች በሚዘወተሩባት ቻይና፣ የመጀመሪያው ቃል «አባንደን» ማለትም «መተው» መሆኑ በተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ ብዙዎች ከኤ ሳይወጡ ስለሚተዉት።

ከ570ዎቹ ጎን ለጎን ፈተናው ደጋግሞ የሚያነሣቸው ርዕሶች አሉ፤ ትምህርት፣ ጤና፣ አካባቢ፣ ቴክኖሎጂ፣ ከተማና ትራንስፖርት፣ ሥራ፣ ወንጀል። ለእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ሐረግ ይበቃል። ቃል ሳይሆን ሐረግ ማለታችንን ልብ በሉ።

ካርዱ፦ አንድ ቃል ከቅርብ

አንድ ኤ4 ወረቀት በ8 ብትቆርጡት ጥሩ ካርድ ይወጣዋል። ስልክ የሚመርጥ አንኪ የተባለውን መተግበሪያ መጠቀም ይችላል፤ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል። ለሁለቱም አንድ ደንብ አለ፦ ካርዱ ላይ እንግሊዝኛውን በግዕዝ ፊደል አትጻፉ። እዚህ ለንባብ እንዲመች በፊደላችን እንጽፈዋለን እንጂ ካርዱ ላይ ከተጻፈ አጻጻፉን ይደብቅባችኋል፤ አነባበቡንም ወደ አማርኛ ይስበዋል።

«ኮንትሪቢዩት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከፊት በኩል ቃሉን ሳይሆን ክፍት ቦታ ያለው አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ትራፊክ ____ ቱ ኤር ፖሉሽን»፤ ትራፊክ ለአየር ብክለት ድርሻ አለው። በክፍቱ ቦታ የመጀመሪያዋን ፊደል ሲን ብቻ አስቀምጡ። ከኋላ የሚጻፈው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

1. ቃሉ ሙሉ በሙሉ በትክክለኛ አጻጻፍ፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን መልኩን ጨምሮ፣ እዚህ መጨረሻው ላይ ያለችውን ኤስ ማለት ነው።
2. ጫና የሚያርፍበት፣ ማለትም ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ክፍል ከሥሩ ይሰመር። «ኮንትሪቢዩት» ላይ ጫናው በ«ትሪ» ላይ ነው፤ ስም ሲሆን፣ «ኮንትሪቢዩሽን» ሲባል፣ ወደ «ቢዩ» ይሸጋገራል።
3. ቤተሰቡ፦ ግሡ፣ ስሙ፣ አድራጊው። ከሦስት አይብለጥ።
4. ጓደኞቹ፦ «ኮንትሪቢዩት ቱ»፣ «ሜክ ኤ ኮንትሪቢዩሽን ቱ»፣ «ሲግኒፊካንት ኮንትሪቢዩሽን»።
5. ከሁሉም በታች፣ በትንሹ፣ የአማርኛ ፍቺው።
6. ወጥመድ ካለው በቀይ። እዚህ ወጥመድ አለ። አማርኛ «ለልማት አስተዋጽኦ ያደርጋል» ስለሚል እጃችን በቀጥታ «ኮንትሪቢዩት ፎር» ወደሚለው ይሄዳል። በዚህ ትርጉም ትክክሉ «ቱ» ነው።

አንድ ካርድ ለመሥራት ሁለት ወይም ሁለት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ረዘመ ብላችሁ የሰው ካርድ አታውርዱ፤ ዓረፍተ ነገሩን መምረጡና በእጅ መጻፉ የጥናቱ ግማሽ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ከተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ቅዱት፤ ገና በማታውቁት ቃል የፈጠራችሁት ዓረፍተ ነገር ስህተት ከሆነ ስህተቱን ሦስት ወር ስትሸመድዱት ትከርማላችሁ።

ይህ ሙሉ ካርድ ራሳችሁ ለምታወጡት ቃል ነው፤ በቀን 4። ለምትለዩት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ካርድ አለ፤ ከፊት ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ከኋላ ፍቺውና ጫናው። በቀን 6።

የሳምንቱ አካሄድ

ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 10 ቃል፣ በሳምንት 50 ነው። 570ው ቤተሰብ በ57 የጥናት ቀን፣ ማለትም ከ12ኛው ሳምንት ሳይወጣ ያልቃል። በ10 ፋንታ 30 አድርጎ በአንድ ወር መጨረስ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ክለሳው ይቆለልበታል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው ያሳየው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ የተማርነው ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀኖች ነው፤ እየተራራቀ በሚሄድ ክለሳ ግን ይጸናል። ለዚህ የጫማ ካርቶን በአምስት ክፍል ከፍሉ። አዲስ ካርድ ክፍል 1 ይገባል፣ በየቀኑ ይታያል። ያስታወሳችሁት ወደ ክፍል 2 ያልፋል፣ በየሦስት ቀኑ ይታያል። ክፍል 3 በየሳምንቱ፣ ክፍል 4 በየሁለት ሳምንቱ፣ ክፍል 5 በወር አንዴ። የተረሳ ካርድ የትም ክፍል ውስጥ ይሁን ወደ ክፍል 1 ይመለሳል። አንኪ ይህን ስሌት ራሱ ይሠራላችኋል።

በቀን የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ነው። ጠዋት 15 ደቂቃ ክለሳ፤ ካርዱን ሳትገለብጡ መልሱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ የምታወጡትን ቃል ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፉት። ገልብጦ እያዩ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ማለት ክለሳ አይደለም። ከዚያ 25 ደቂቃ ለአዲሶቹ 10 ካርዶች፣ 15 ደቂቃ ለንባብ ወይም ለማዳመጥ፣ ማታ 5 ደቂቃ ለቃል ጽሕፈት። ለቃል ጽሕፈቱ 15 ቃላት ከመዝገበ ቃላቱ ድምፅ አጫውታችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱ፣ በማግስቱ እየሰማችሁ ጻፉ። ቅዳሜ አዲስ ቃል የለም፤ በሳምንቱ ከያዛችኋቸው 20 የሚወጡ ቃላት 8ቱን የያዘ የ150 ቃላት አንቀጽ ጻፉ። እሑድ ክፍል 1ን ብቻ አይታችሁ ዕረፉ።

አማርኛችን የሚጥልብን ወጥመድ

ይህ ክፍል ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ይገባዋል፤ ለሁሉም አገር ተማሪ የተዘጋጁ መጻሕፍት የማይነግሩን ይህንን ነውና።

*አንድ የአማርኛ ግሥ፣ ብዙ የእንግሊዝኛ ግሥ።* «ሠራ» የሚለውን ተመልከቱ። ቤት ሠራ፦ «ቢልድ»። ምግብ ሠራ፦ «ኩክ»። የቤት ሥራ ሠራ፦ «ዱ»። ስህተት ሠራ፦ «ሜክ»። ወንጀል ሠራ፦ «ኮሚት»። ባንክ ቤት ሠራ፦ «ወርክ»። ስልኩ ሠራ የሚለውም «ወርክ» ነው። «ኮሚት» ከሚለው ፊት ለፊት «ሠራ፣ ፈጸመ» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ወንጀል ሲጽፍ «ሜክ ኤ ክራይም» ይላል፤ ፈታኙም ነገሩ ቢገባው እንኳ ጥምረቱ ስህተት መሆኑን ይመዘግባል። «አየ» ላይም እንዲሁ ነው፤ ፊልም አየ፣ ድንገት አየ፣ ትኩር ብሎ አየ በእንግሊዝኛ ሦስት ግሥ ይፈልጋሉ። «አስታወሰ» ደግሞ ራስ ማስታወስንም ሌላውን ማስታወስንም ስለሚይዝ «አስታውሰኝ» ለማለት «ሪሜምበር ሚ» ይወጣል፤ የሚፈለገው «ሪማይንድ ሚ» ነው። ለእነዚህ የተለየ ደብተር ያዙ፤ በገጹ አናት አንድ የአማርኛ ግሥ፣ ከሥሩ ከነተሳቢዎቻቸው የእንግሊዝኛ ግሦች። «ሠራ»፣ «አየ»፣ «አደረገ»፣ «ወሰደ»፣ «ያዘ»፣ «ወጣ»፣ «ገባ»፣ «ተናገረ» ብቻቸውን ስምንት ገጽ ይሞላሉ፤ ከ100 በላይ ጥምረት ታገኛላችሁ።

*መስተዋድድ።* አማርኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየ» ይላል፤ እንግሊዝኛው «ዲስከስ» ግን ምንም አያስከትልም፣ «ዲስከስ አባውት» ስህተት ነው። «ወደ ክፍሉ ገባ» ስለምንል «ኤንተር ቱ» እንላለን፤ «ኤንተር» ቦታ ሲሆን ብቻውን ይቆማል። «ሪች»ም እንዲሁ። «ከእሱ ጋር ተጋባች» የሚለው «ማሪድ ዊዝ» ያደርገናል፤ ትክክሉ «ማሪድ ቱ» ነው። «ኤምፋሳይዝ» ግሥ ሲሆን «ኦን» አይፈልግም፣ ስሙ «ኤምፋሲስ» ግን ይፈልጋል። ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ደግሞ «በ» ነው። «ዋጋው በ10 በመቶ ጨመረ» ሲባል የእጅ ልማድ «ኢን 10 ፐርሰንት» ይጽፋል፤ የልዩነት መጠን በ«ባይ»፣ የመድረሻ ቁጥር በ«ቱ» ይገለጻል። ከ20 ወደ 30 ካደገ፣ «ባይ 10»፣ «ቱ 30»።

*ብዙ ቁጥር።* እኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ጥናቶች፣ ማስረጃዎች፣ ዕውቀቶች እንላለን። በእንግሊዝኛ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ሪሰርች»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ኖውሌጅ»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ፈርኒቸር» አይቆጠሩም፤ መጨረሻቸው ላይ ኤስ አይገባም። በካርዱ ጥግ «አይቆጠርም» ብላችሁ በቀይ ጻፉ።

*በአማርኛ ውስጥ የለመድናቸው የእንግሊዝኛ ቃላት።* «ሆቴል» እኛ ዘንድ ምግብ ቤትም ነው፤ ንግግር ላይ «ሆቴል ምሳ በላሁ» ስትሉ ፈታኙ አልጋ ያለበት ቤት ይመስለዋል። «ዛሬ ፕሮግራም አለኝ» ቀጠሮ ወይም ዕቅድ ነው። «ፕሮሰስ ጀምሯል» የውጭ ጉዞ ማመልከቻ ነው። «ካምፓስ ገባ» ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ካምፓስ» ግቢው ብቻ ነው። እነዚህን የምናውቃቸው ስለሚመስለን መዝገበ ቃላት ውስጥ አንፈልጋቸውም፤ አደጋቸውም እዚያ ላይ ነው። ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» የሚለው ነው፤ በእንግሊዝኛ ቴሌቪዥንና መብራት በ«ኦፕን» አይከፈቱም፣ «ተርን ኦን» ይባላሉ። ፈተና የወደቀም «ፎል» ሳይሆን «ፌይል» ነው።

*አጻጻፍና ድምፅ።* በአማርኛ ጥብቀት ይሰማል እንጂ አይጻፍም፤ «አለ» ጠብቆም ላልቶም ያው ሁለት ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ተቃራኒው ይሆናል፤ ድርብ ፊደል ይጻፋል እንጂ በቃል ውስጥ ጠብቆ አይሰማም። ስለዚህ ጆሯችን አይረዳንም፣ ዓይንና እጅ መሥራት አለባቸው። ማዳመጥ ላይ ደጋግመው የሚመጡትን እነዚህን አሁኑኑ በእጃችሁ አሥር አሥር ጊዜ ጻፉ፦ «አኮሞዴሽን» ሁለት ሲ፣ ሁለት ኤም፤ «ገቨርንመንት» ከኤም በፊት የማትሰማ ኤን፤ «ኢንቫይሮንመንት» እንዲሁ፤ «ዌንስዴይ» መሐል የማትሰማ ዲ፤ «ፌብሩወሪ» ከቢ ቀጥላ አር። በቃላት መጨረሻ ላይ ያለችውን ኤስም አጥብቃችሁ አድምጡ፤ መልሱ ብዙ ቁጥር ሆኖ በነጠላ ከተጻፈ ነጥቡ ይሄዳል።

ተናባቢዎች ሲደራረቡ መሐላቸው ወይም መጀመሪያቸው ላይ አናባቢ እንጨምራለን፤ «እስኩል»፣ «እስትሪት» እንላለን። ይህን ለማረም ከኤስ ጀምራችሁ «ስ...» እያላችሁ በረጅሙ አውጡና ወደሚቀጥለው ድምፅ ግቡ። ጫና ደግሞ ትርጉም ይለውጣል፤ «ኢንክሪስ» ግሥ ሲሆን ጫናው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፣ ስም ሲሆን መጀመሪያው ላይ።

ሌላው ከቃላት ውጭ የሚመስል ነገር ሰዓት ነው። «ናይን ሰርቲ» ስትሰሙ አእምሯችሁ ሦስት ሰዓት ተኩል ብሎ እንዳይተረጉመውና እጃችሁ 3:30 እንዳይጽፍ ተጠንቀቁ። ቁጥርን ወደ አማርኛ ሳትመልሱ የሰማችሁትን በቀጥታ ጻፉ።

ተመሳሳይ ቃላትን በቡድን፣ ግን በአንድ ቀን አይደለም

በማንበብና በማዳመጥ ጥያቄው ላይ ያለው ቃል ምንባቡ ላይ እንዳለ አይገኝም፤ በሌላ ቃል ተለውጦ ነው የሚመጣው። ጥያቄው «ኢምፖርታንት» ካለ ምንባቡ «ክሩሻል» ወይም «ሲግኒፊካንት» ይላል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቃላት ያስፈልጋሉ። ግን አንድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጠኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ተቃራኒዎችም እንደዚሁ። አንዱን ዛሬ አጥኑ። እሱ ክፍል 3 ሲደርስ ሁለተኛውን አምጡ። ሁለቱም ከጸኑ በኋላ በአንድ ገጽ ላይ አሰልፏቸውና ልዩነታቸውን ጻፉ። የሠራችሁትን እያንዳንዱን የልምምድ ፈተና ካረማችሁ በኋላም ጥያቄው ውስጥ ያለውን ሐረግና ምንባቡ ውስጥ ያለውን ሐረግ ጎን ለጎን ጻፉ፤ ከአንድ ፈተና ከ25 እስከ 30 ጥንድ ይወጣል። ከተገዛ ከማንኛውም የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይህ ይበልጣል።

ከምንባብ ቃል ስትለቅሙ ሁሉንም አትልቀሙ። በአንድ ምንባብ ከ8 እስከ 12 በቂ ነው። የዕፅዋት፣ የማዕድንና የመሣሪያ ስም እለፉ፤ ምንባቡ ራሱ ያብራራቸዋል። አንድን ቃል በሁለት የተለያዩ ምንባቦች ካገኛችሁት ግን ሳታመነቱ ካርድ ሥሩለት።

ጽሑፍና ንግግር ላይ ማውጣት

በአካዳሚኩ የመጀመሪያ ጥያቄ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ይገለጻል፤ የሚያስፈልገው የቃል ክምችት ትንሽ ነው። ስድስት ግሥ፦ «ራይዝ»፣ «ኢንክሪስ»፣ «ፎል»፣ «ዲክላይን»፣ «ፍላክቹዌት»፣ «ሪሜይን ስቴብል»። አራት ገላጭ፦ «ሻርፕሊ»፣ «ግራጁዋሊ»፣ «ስቴዲሊ»፣ «ስላይትሊ»። እያንዳንዱን ለውጥ በሁለት መንገድ መጻፍ ተለማመዱ፤ አንዴ በግሥና በተውሳከ ግሥ («ሮዝ ሻርፕሊ»)፣ አንዴ በቅጽልና በስም («ኤ ሻርፕ ራይዝ ኢን»)። ይህ ብቻ የተለያየ አገላለጽ ይሰጣችኋል።

በሁለተኛው ጥያቄ ብርቅ ቃል መደርደር አይጠቅምም። ለ7 ነጥብ መስፈርቱ የሚጠይቀው አልፎ አልፎ ብዙም የማይዘወተሩ ቃላትን የአጻጻፍ ዘይቤንና ጥምረትን እያስተዋሉ መጠቀምን ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ በትክክል የገቡ ሁለት ወይም ሦስት ጥምረቶች፣ በግድ ከገቡ አሥር ከባድ ቃላት ይሻላሉ። አንድን ቃል ለመጠቀም ስታስቡ ጓደኛው ወዲያው ካልመጣላችሁ አትጠቀሙበት።

ንግግር ላይ ደግሞ የእኛ ሰው የሚቸገረው በራሱ ነገር ላይ ነው። ስለ ባህል ወይም ስለ ምግብ ሲጠየቅ በአማርኛ የሚያውቀው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስም ያጣል። ሁለተኛው ክፍል አንድ ደቂቃ ማሰቢያ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ መናገሪያ ስለሚሰጥ ቀድማችሁ አዘጋጁት። ለቡና፦ «ሮስት»፣ «ግራይንድ»፣ «ብሩው»፣ «ፖር»፣ «ቻርኮል»፣ «ኢንሴንስ»፣ ጀበናን «ኤ ክሌይ ኮፊ ፖት» ብላችሁ ግለጹ። ለእንጀራ፦ «ፈርመንትድ»፣ «ፍላትብሬድ»፣ ጤፍ «ኤ ታይኒ ግሬይን»። እቁብን «ሮቴቲንግ ሴቪንግስ ግሩፕ»፣ እድርን «በሪያል አሶሲዬሽን» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። የአማርኛውን ስም ጠርቶ ወዲያው ማብራራት ጥሩ የቃላት አጠቃቀም ነው፤ ሳያብራሩ ማለፍ ግን ፈታኙን ጥሎ መሄድ ነው።

ሲበላሽ

ክለሳው በቀን ከ80 ካርድ ካለፈ አዲስ ቃል ለሦስት ቀን አቁሙ፤ ክፍል 1 ከ20 በታች ሲወርድ ቀጥሉ። አንድ ካርድ አምስት ጊዜ ወደ ክፍል 1 ከተመለሰ ችግሩ እናንተ ላይ አይደለም፣ ካርዱ ላይ ነው፤ ቅደዱትና በሌላ ዓረፍተ ነገር እንደገና ሥሩት፣ ወይም የሚምታታበትን ቃል ፈልጋችሁ አንዱን ለሦስት ሳምንት አውጡት። ካርድ ላይ የምታውቁት ቃል ድርሰት ላይ ካልመጣላችሁ የቅዳሜውን አንቀጽ እየዘለላችሁት ነው ማለት ነው። አንድ ሳምንት በሕመም ወይም በሥራ ካለፋችሁ ያለፈውን በአንድ ቀን ለማካካስ አትሞክሩ፤ የተጠራቀመውን በቀን 60 እየከፋፈላችሁ ጨርሱት።

የመጨረሻው ሳምንትና የፈተናው ቀን

570ዎቹ ካለቁ በኋላ፣ ከፈተናው በፊት ባሉት ሰባት ቀናት አዲስ ቃል አይያዝም። የቀይ ወጥመዶቹን ካርዶች ብቻ ለይታችሁ በየቀኑ እዩ፤ የቃል ጽሕፈቱን ወደ 15 ደቂቃ አሳድጉ፤ ሁለት ሙሉ ፈተና በሰዓት ሥሩ።

በዕለቱ ማዳመጥ ላይ ፈተናው በወረቀት ከሆነ መልስ ለማስተላለፍ 10 ደቂቃ ይሰጣል፤ በኮምፒውተር ከሆነ ለማየት 2 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አጻጻፉን እየሰማችሁ ማስተካከል ይጠበቅባችኋል። የብሪታንያም የአሜሪካም አጻጻፍ ተቀባይ ነው። ሁሉንም በትልልቅ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ የት ትልቅ የት ትንሽ ይሆናል ከሚል ጭንቀት ያድናል። መመሪያው «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ካለ ሦስተኛው ቃል ትክክለኛውን መልስ ያበላሸዋል፤ መነሻ መስተአምሮችን («ኤ»፣ «ዘ») ጭምር ቁጠሩ። በጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃዎች ለሁለት ነገር ብቻ አቆዩ፦ በማይቆጠሩ ስሞች ላይ የገባች ኤስ እንዳትኖር፣ ከግሦቹ በኋላ ያሉት መስተዋድዶች ደግሞ ካርዳችሁ ላይ ያሉት እንዲሆኑ።